ሁለቴ ሲጠየቅ

ደሴቷ ላይ ስደርስ ዝናብ ነበር ያኔ፤
ዕድሜዬ ሃያ ሁለት፣ ቦርሳዬ በጎኔ።
ቦርሳው ውስጥ በጨርቅ ሦስት ብርጭቆ ነበረ፤
ሁለቱ አጫጭር መንትዮች፣
አንዱ ቀጠን ብሎ ሽቅብ የተወጠረ።
ደግሞም አንድ ወረቀት፣ በሣጥን በሣጥን የተሸነሸነ፣
የልጅ ልብ የት ድረስ እንደሚሄድ ቀድሞ የወሰነ።

ቺሎኤ ይሏታል። ቤቶቿ እንደ ሽመላ በቀጫጭን እግር
ቆመው ይጠብቃሉ የሚመላለስ ባሕር።
ጠዋት ጀልባው ከደጅ፣ ከሰዓት ጭቃ ላይ፤
እንዲህ ነው ቀን መቁጠር በነሚያራይ።

ሚያራይ፤ ስድስት ዓመቷ።
የጎማ ቦት ጫማ ያወረሰቻት እኅቷ፣
የጥርሷን ባዶ ስፍራ በምላሷ እየዳሰሰች፣
ለሽምግልና እንደተጠራች አሮጊት ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

በመንትዮቹ ቀዳሁ፣ ልክ በልክ እስኪሆን፤
ጎንበስ ብላ ለካች፣ አጥብባ ዐይኗን።
አንዱን አንስቼ ወደ ቀጭኑ ገለበጥኩ፤
ውሃው አንገት አወጣ። «አሁንስ?» ስል ጠየቅኩ።

«እኩል ነው» አለችኝ ትከሻዋን ሰብቃ፤
ዐይኗ ከመስኮቱ፣ ልቧ ከውጭው ጭቃ።

ቅጹ ግን ያዛል፦ «ጥያቄው ይደገም፤
አንዴ የመለሰ ልጅ ገና አላወቀም።»
ደገምኩላት እኔም፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ፣
«እስኪ አስቢ፣ ልጄ፤ የትኛው ነው የሚበልጥ?»

ዝም አለች። እኔን አየችኝ፣ ውሃውን አይደለም፤
ቅንድቤን፣ የብዕሬን ጫፍ፣ የፈገግታዬን ቀለም።
ከዚያ ቀስ ብላ ጣቷን ወደ ረዥሙ ላከች፤
«ይኼኛው» አለች።

ብዕሬ ቸኮለ፦ «ገና ናት፤ አልደረሰችም።»
ከሥሩ ፊርማዬ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ከበሩ ላይ ደርሳ ዞር ብላ ቆመች፤
«አንቺ፣ ለምንድነው ሁለቴ የጠየቅሽኝ?» አለች።
«አባቴ ‹ጀልባዋን አሰርሻት?› ብሎ
አንዴ ከጠየቀኝ፣ አምኖኛል።
ሁለቴ ከጠየቀኝ፣ ገመዱ ላልቷል ማለት ነው።
አንቺም ስትደግሚው የተሳሳትኩ መሰለኝ፤
ደስ ይበልሽ ብዬ ሌላውን ነገርኩሽ።
ውሃውማ...» እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋች፤
«ባሕሩም በቀን ሁለቴ ይሄዳል።
አለቀ እንላለን እንዴ? ማዶ ሄዶ ነው።
ማንም አልጠጣውም።»

ቦቷ እየተንሸራተተ ወጣች።

እኔ ቀረሁ፣ ሦስት ብርጭቆ ከፊቴ፣
ሦስት ዓመት የተማርኩት ከነወረቀቴ።
«ጠያቂን ለማስደሰት የተሰጠ መልስ» የሚል ሣጥን ፈለግሁ፤
ገልብጬም አየሁ።
የለም።

አንድ ነገር ግን ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መጣ፦
ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ ከሰሌዳው ፊት ብቻዬን ወጥቼ፣
ሰባት ሲባዛ ስምንት። «ሃምሳ ስድስት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ኮርቼ።
ዶን ኤቫሪስቶ መነጽሩን ዝቅ አደረገ።
«ስንት?»
ጠመኔው በእጄ ላበ።
«ሃምሳ... አራት።»
ክፍሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ክፋት አልነበረውም።
እኔ ግን እስከ ዛሬ ገበያ ላይ እንኳ
ስምንትን በሰባት ሳባዛ
ከኋላዬ የሆነ ሰው መነጽሩን ዝቅ ያደርጋል።

ፊርማዬን ሰረዝኩት። ቀለሙ ተንቦጫረቀ።
ቀጣዩን ጠራሁት፤ ኤልሚሮ፣ አምስት ዓመቱ፣ ሹራቡ የተቦጨቀ።
ቀዳሁ። ገለበጥኩ። ጠየቅሁ፣ አንዴ።
«ይኼ ይበልጣል!» አለ፣ ከልቡ፣ ሳያይ ወደ ፊቴ፣ ወደ እጄ።
ልደግም ምላሴ ሲያሳክከኝ ዝም አልኩ፤
ዝምታው ሲረዝም ሌላ ነገር ጠየቅሁ፦
«እንዴት አወቅህ?»

«ረዥም ነዋ» አለኝ፣ በእኔ እያዘነ፤
«እንደ ወንድሜ።»

ጻፍኩት፤ ቃል በቃል፣ ከሣጥኑ ውጭ፣ በወረቀቱ ጠርዝ።
ከወለሉ ሥር፣ በእንጨቶቹ እግር መሐል፣
ባሕሩ መመለስ ጀምሮ ነበር።